የአስራት ረድፍ

ሐሙስ ጠዋት መሳይ ቢሮ ሲገባ የአስራት ስም ሰንጠረዡ ውስጥ እንዳለ ያውቅ ነበር። አስራት ማክሰኞ ሞቷል። ስሙ ግን የሶፍትዌር መጠቀሚያ ፈቃድ፣ ላይሰንስ፣ ካላቸው የድርጅቱ ሠራተኞች መካከል፣ ከላዩም ከታቹም የሆላንድ ስም ተቀምጦ፣ እንደተለመደው ቦታው ላይ ነበር።

ኮቱን ሰቀለ። ኮምፒውተሩን ከፈተ። ከማክሰኞ ወዲህ እጆቹ ለብቻቸው ነው የሚሠሩት፤ በር ይከፍታሉ፣ የባቡር ካርድ ያስነካሉ፣ ዳቦ ላይ ቅቤ ይቀባሉ። እሱ ከኋላቸው ቆሞ ያያቸዋል። አላለቀሰም። ማልቀስም አልተፈቀደለትም።

የከለከሉት ጋሽ ሙሉነህ ናቸው። ጋሽ ሙሉነህ ዴን ሃግ ውስጥ በኪራይ አዳራሽ እሑድ እሑድ የሚሰበሰበው የትንሹ ጉባኤ ሽማግሌ ናቸው፤ የአስራት አባት በሕይወት ሳሉ ደግሞ የቅርብ ጓደኛቸው ነበሩ። ማክሰኞ ጠዋት አስራት ሮተርዳም ዳር ሆግቭሊት በሚኖርበት ቤት ደረጃ ላይ ወድቆ ሲገኝ፣ አብሮት የሚኖረው መልአኩ መጀመሪያ አምቡላንስ፣ ቀጥሎ እሳቸውን ጠራ። ልቡ ነው ተባለ። የመጣችው ሐኪም የቅርብ ቤተሰብ ስትጠይቅ፣ ጋሽ ሙሉነህ አንዲት እህት እንዳለችው፣ ለእሷ ግን ራሳቸው እንደሚነግሯት አስረዱ። ሐኪሟ እሺ አለች። ዛሬውኑ ይነግሯታል ብላ ሳይሆን አይቀርም።

እህትየው ዮሃና ትባላለች። ዴን ሃግ ማስተርሷን እየጨረሰች ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፏን ለመምህራኑ የምታቀርበው ዓርብ ነው። አባትና እናታቸው አርፈዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ቭላርዲንገን ጋሽ ሙሉነህ ቤት የተሰበሰቡት ሰዎች ብዙ አልተከራከሩም። መርዶው ለቅዳሜ ጠዋት ተቆረጠ። ዓርብን በሰላም ትጨርስ። ደግሞም መርዶ ያለ ሥጋ ዘመድ አይነገርም፤ በዚህ አገር ያለቻት የሥጋ ዘመድ የአባቷ የአጎት ልጅ እትዬ አበባይሽ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አምስተርዳም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለሚሠሩ እስከ ዓርብ ተረኛ ናቸው። እስከዚያው ማንም ጥቁር አይልበስ። ማንም ፌስቡክ ላይ ፎቶ አይለጥፍ። ማንም እሷ በምትሰማበት ድምፁን አይለውጥ። ለእሷ የሚነገራት አንድ ነገር ነው፤ ድርጅቱ አስራትን ስልክ ወደማይሠራበት፣ ባሕር ላይ ወዳለ ጣቢያ ልኮታል።

ይህን እንዲነግራት መሳይ ተመረጠ። ከአስራት ጋር አንድ ድርጅት ስለሚሠራ እሱን ታምነዋለች ተባለ። ደውሎ መናገር አልሆነለትም፤ ጻፈላት። ዮሃና ወዲያው መለሰች። አኩርፎ ነው የሄደው አይደል? አለች። ባለፈው እሑድ ከጉባኤ ሲወጡ ተጨቃጭቀው ነበር፤ አስራት ዓርብ ሥራ እንዳለበትና ላይመጣ እንደሚችል ነግሯት፣ እሷም ከፊቱ ዞር ብላ ሄዳ ነበር። መሳይ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው።

ድርጅቱ ለነዳጅ ማጣሪያዎችና ለኬሚካል ፋብሪካዎች የቧንቧ ንድፍ ይሠራል። አስራት ቭላርዲንገን ባለው ቅርንጫፍ ንድፍ ሠሪ ነበር፤ መሳይ ሮተርዳም ዋናው ቢሮ፣ ኮምፒውተር ክፍል ነው። ንድፉ የሚሠራበት ሶፍትዌር ውድ ነው። ላይሰንሱ በሰው ስም ይወጣል፤ ሰውየው ሲለቅ ተወስዶ ለሌላ ይሰጣል። ማን የቱን እንደያዘ ለዓመታት ሲመዘገብ የኖረው በአንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ነው። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይሰርዛል፣ ሌላው ደግሞ ለራሱ ብቻ በሚገባው ምክንያት ቢጫ ቀለም ይቀባል። አሁን ላይሰንሶቹን የሚያስተዳድር አዲስ ሲስተም ተገዝቷል፤ የመሳይ ሥራ የድሮውን መዝገብ አጽድቶ ወደ አዲሱ ማስገባት ነው። ዓምድን ከዓምድ ያገናኛል፣ የተደገመውን ያወጣል፣ ቀኖቹን በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይጽፋል። ይህን ሥራ ይወደው ነበር። ሰዎችን ወረፋ እንደማስያዝ ነው፤ እያንዳንዱ በየቦታው ሲቆም ልቡ ያርፋል። የዋናው ቢሮና የቭላርዲንገን የድሮ መዝገብ የሚዘጋው ዓርብ ስለሆነ የሁለቱ ሁሉም ነገር ሐሙስ መግባት ነበረበት።

የአስራት ረድፍ ችግር የነበረበት ከድሮም ጀምሮ ነው። ላይሰንስ የሚወስድ ሰው ሁሉ ሁለተኛ ተጠሪ ያስመዘግባል፤ ባለቤቱ ሲታመም ወይም ዕረፍት ሲወጣ ስለ ላይሰንሱ የሚጠየቅ ሰው ማለት ነው። ሌሎቹ በአጠገባቸው የሚቀመጠውን የሥራ ባልደረባ ጻፉ። አስራት እህቱን ጻፈ፣ ከግል ኢሜይሏ ጋር። መሳይ ያን ቀን ለሥራ ቭላርዲንገን በመሄዱ፣ ምሳ ላይ ተጠሪ ማለት እዚሁ የሚሠራ ሰው እንደሆነ ሊያስረዳው ሞክሮ ነበር።

"እዚህ ማንን ልጻፍ?" አለው አስራት። "ያን ከጎኔ የሚቀመጠውን? ሳንድዊቹን እንኳ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የሚበላው። ለቤቱም ለኢንሹራንሱም ተጠሪዬ ዮሃና ናት። ደግሞ የይለፍ ቃሌን ስረሳ የምታስታውሰኝ ማን ይመስልሃል?"

መሳይ ስቆ ተወው። ኤክሴል ለማንም ምንም አይልክም ነበርና ነገሩ ጉዳት አልነበረውም።

አዲሱ ሲስተም ግን ይልካል። ሠራተኛ አስተዳደር ከአስራት ስም ጎን ረቡዕ ዕለት አንድ ቃል አስገብቷል፤ የለቀቀበት ምክንያት በሚለው ዓምድ ሥር፣ በሞት። ረድፉ እንዲህ ሆኖ ከገባ ሲስተሙ ላይሰንሱን ነፃ ያደርግና በዚያው ቅጽበት ለሁለተኛው ተጠሪ ኢሜይል ይልካል። መሳይ በሙከራው ጊዜ ደብዳቤውን አይቶታል። የሰውየው ስም፣ የላይሰንሱ ስም፣ ምክንያቱ። ስህተት ካለ ያሳውቁን ይላል። ሌላ ነገር የለውም።

መጀመሪያ ያሰበው ረድፉን ማውጣት ነበር። አውጥቶ ሞከረው፤ ሲስተሙ በቀይ መለሰለት። በፋይሉ ውስጥ የሌለ ሰው እንደለቀቀ ይቆጠራል፤ ምክንያቱ ከሠራተኛ አስተዳደር ይወሰዳል፤ ደብዳቤው ይላካል። ስለዚህ ረድፉን ማውጣትና በሞት ብሎ ማስገባት አንድ ሆኑ። ቀጥሎ የተጠሪዋን ስም ለመለወጥ አሰበ። ስሟ ግን ከሙከራው ጊዜ ጀምሮ በሲስተሙ አለ፤ ተጠሪ ሲለወጥ ደግሞ ከተጠሪነት መውረዷን የሚገልጽ ማስታወቂያ ለቀድሞዋ ተጠሪ ይሄዳል። መሳይ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው። ከዚያ ተነስቶ ወደ አለቃው ሄደ።

አለቃው ያፕ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አስራትን ያውቀዋል፤ ረቡዕ ጠዋት ዜናውን ለክፍሉ ሲያሰማ ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆርጦበታል። መሳይ ነገሩን ሲያስረዳው ላፕቶፑን ዘግቶ አዳመጠው። እህቱ እስካሁን አታውቅም ማለት ነው? ሲል ጠየቀ። መሳይ ቅዳሜ እንደሚነገራት መለሰ። ያፕ ወንበሩን ወደ እሱ አስጠጋ። እስከዚያ ማን አብሯት አለ? አለ። ሁላችንም፣ አለ መሳይ።

ማሳወቂያዎቹ ለሁሉም ቅርንጫፍ በአንድ ላይ የተከፈቱ እንደሆኑ፣ ለአንድ ሰው ተብሎ እንደማይዘጉ ያፕ ነገረው። ከዚያ ደውልላት አለው። የሚከብድህ ከሆነ አብሬህ እቀመጣለሁ፣ ከዚህ ሁሉ መደወሉ ደግነት ነው። ይህን ያለው ከልቡ ነበር። መሳይ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። መርዶን ሰው በእግሩ ሄዶ ነው የሚያደርሰው ሊለው ፈለገ፤ በጠዋት፣ አፏ ምንም ሳይቀምስ፣ በቀኝም በግራም የሚይዛት ሰው ባለበት፤ በስልክ ለብቻዋ የተነገራት እህት ዕድሜ ልኳን ያንን ስልክ እንደያዘች ትቀራለች። ይህን በሆላንድኛ መናገር አልቻለም። ቅዳሜ ነው፣ አለ ብቻ።

ያፕ ላፕቶፑን መልሶ ከፈተ። ከማክሰኞ በፊት እንደነበረ አስገባውና ሰኞ አስተካክለው፣ እኔ አላየሁም፣ አለ።

መሳይ ወደ ቦታው ተመልሶ በሞት የሚለውን አጠፋ። ከጎኑ በሥራ ላይ የሚለውን መረጠ። ሲስተሙ አሁንም አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ በሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሶፍትዌሩን መጨረሻ የተጠቀመበት ቀን ሊኖረው ይገባል። የድሮው ሰንጠረዥ ይህ ዓምድ አልነበረውም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ከያፕ ጋር ተነጋግረው፣ በሥራ ላይ ላሉት ሁሉ መዝገቡ የሚገባበትን ቀን ለመጻፍ ተስማምተው ነበር። መሳይ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የሐሙስን ቀን ጻፈና ማውሱን ይዞ ወደ ታች ጎተተው። ቀኑ ከስም ወደ ስም ወረደ። አስራት ላይ ሲደርስ ጣቱ አልቆመም።

ከዚያ አስገባው። ሁሉም ረድፍ አረንጓዴ ሆነ። ስህተት የለም የሚል ጽሑፍ መጣ። ያፕ አልፎ ሲሄድ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ መሳይ ዳቦውን አውጥቶ በላ። ውስጡ ምን እንደነበረ በልቶ ሲጨርስ አላወቀም።

ወደ ቤት በሚመለስበት ባቡር፣ የዴልፍትን ጣቢያ እንዳለፉ ስልኩ ነዘረ። ዮሃና ናት። የላከችው የደረሳትን ኢሜይል ፎቶ ነበር። በአስራት ስም የተመዘገበው ላይሰንስ ወደ አዲሱ ሲስተም ተዛውሯል ይላል፤ ሁኔታ፣ በሥራ ላይ፤ መጨረሻ የተጠቀመበት፣ ሐሙስ።

ሲስተሙ ሰው ሲወጣ ብቻ ሳይሆን ሲገባም እንደሚጽፍ መሳይ አላወቀም ነበር። በሙከራው ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልመጣም፤ መመሪያው ውስጥም ያየበት ቦታ ትዝ አላለውም።

ከፎቶው ሥር ጽፋለች። ባሕር ላይ ነው አላልክም? እዚሁ ቢሮው ተቀምጦ ነው ለካ ስልኬን የማያነሳው፤ አንተም ከእሱ ጋር ሆነህ ትዋሻለህ። ቀጥሎ ሌላ መልእክት መጣ። ብቻ ደህና ይሁን። ልቤ ፈርቶ ዛሬ ሆግቭሊት ልሄድ ጫማዬን አድርጌ ነበር። ይሄ ሲደርሰኝ አወለቅኩት።

መሳይ ደጋግሞ አነበበው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠች ሴት ብርቱካን ትልጥ ነበር፤ ልጣጩ ሳይቆረጥ እንዲወጣላት ትጠነቀቃለች። እስኪያልቅላት ጠብቆ ተነሳና በሩ አጠገብ ቆሞ ለጋሽ ሙሉነህ ደወለ። የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገራቸው። ጋሽ ሙሉነህ ሰምተው ሲጨርሱ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ሆግቭሊት ሄዳ ቢሆን ኖሮ መልአኩን ሲያለቅስ ታገኘው ነበር፤ ጌታ ነው በአንተ እጅ የመለሳት፤ ዝም በል፤ ምንም አትመልስላት። መሳይ ሰው እንዲቆጣው ፈልጎ ነበር የደወለው። እሺ ጋሼ፣ አለ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዮሃና ጽሑፏን አቀረበች። ከጉባኤው ሁለት ሦስት ሰው ብቻ እንዲገኝ፣ ፊቱን መጠበቅ የማይችል ቤቱ እንዲቀር ተወስኖ ነበር፤ መሳይ ፊቱን መጠበቅ ከሚችሉት ተቆጠረ። ከትራንስቫል ገበያ ቢጫ አበባ ገዝቶ ሄዶ ከኋላ ተቀመጠ። ዮሃና ሰማያዊ ኮት ለብሳለች። ስለ ትንንሽ ከተሞች የውኃ አገልግሎት ስትናገር ድምፏ አልተንቀጠቀጠም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ዓይኗ ወደዚያ ይሄድና ይመለስ ነበር። መምህራኑ ጨብጠዋት ሲጨርሱ እትዬ አበባይሽ ከአምስተርዳም ደወሉላት፤ ዮሃና ሌሎቹም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገችው። የእኔ ጎበዝ፣ አባትሽን አኮራሽው፣ አሉ እትዬ አበባይሽ እየሳቁ። መሳይ ማክሰኞ ጋሽ ሙሉነህ ቤት ይህንኑ ድምፅ እንዲሁ ከፍ ተደርጎ በስልክ ሰምቶት ነበር። ያኔ የሚስቅ አልነበረም።

አበባውን ስትቀበለው አስራት አልመጣም አይደል አለችው። አልመጣም፣ አለ። ዮሃና አበባውን አሸተተችው፤ ሽታ የሌለው ዓይነት ነበር።

"እሑድ ጉባኤ ላይ አላናግረውም" አለች። "ሰላም እንኳ አልለውም። ሲወጣ ግን በር ላይ ጠብቄ ምሳ እጋብዘዋለሁ። እስከዚያ ትንሽ ይጨነቅ።"

መሳይ ፈገግ አለ። ፊቱ ሲታዘዝለት ተሰማው።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ዮሃና በምትኖርበት ሰፈር፣ ትራንስቫል ትራም ማቆሚያው ጋ ተገናኙ። ጋሽ ሙሉነህና ባለቤታቸው ከቭላርዲንገን፣ መልአኩ ከሆግቭሊት፣ እትዬ አበባይሽ ከአምስተርዳም በመጀመሪያው ባቡር፣ ሌሎችም ከጉባኤው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣጥፈው በቦርሳ ይዘዋል። ገበያው ውስጥ ሰዎች ድንኳን እየወጠሩ ነበር፤ የብረቱ ድምፅ እየተከተላቸው ሄዱ። መሳይ ላፕቶፑን ጀርባው ላይ አዝሏል። የቀሩት ቅርንጫፎች መዝገብ ቅዳሜና እሑድ ስለሚገባ ተረኛው እሱ ነው፤ ይህን ለማንም አልነገረም።

ዮሃና በሩን የከፈተችው በሌሊት ልብስ ነው። ጋሽ ሙሉነህን አየች፣ ከኋላቸው እትዬ አበባይሽን፣ ከዚያ ደረጃው ላይ የተሰለፉትን ሁሉ። በዚያ ሰዓት በአንድነት የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደመጣ የማታውቅ አልነበረችም። ማነው? አለች ወደ ኋላ እየሄደች። ማነው? ማን ነው የሞተው?

አስቀመጧት። እትዬ አበባይሽ በቀኟ፣ የጋሽ ሙሉነህ ባለቤት በግራዋ ሆኑ። ጋሽ ሙሉነህ ፊት ለፊቷ ተንበርክከው እጇን ያዙ። አጭር ጸሎት ጸልየው ወንድሟ ወደ ጌታው መሄዱን ነገሯት። እትዬ አበባይሽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ልቅሶ ሲጀምሩ ሌሎቹ ሴቶች ተከተሉ። መልአኩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዮሃና አላለቀሰችም። መቼ? አለች።

"ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ልጄ።"

ትንፋሿ በረጅሙ ወጣ። ትከሻዋ ወረደ። ፊቷ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር መጣ።

"እንግዲያው እሱ አይደለም" አለች።

ተነስታ ከአልጋዋ ስልኳን ይዛ መጣች። ለጋሽ ሙሉነህ፣ ከዚያ ለእትዬ አበባይሽ አሳየች። ሐሙስ ሥራ ላይ ነበር፤ ይኸው። ልቅሶው ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። እትዬ አበባይሽ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። ጋሽ ሙሉነህ እኔ ራሴ በዓይኔ አይቼዋለሁ ልጄ፣ ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ አሏት፤ እሷ ግን በትሕትና፣ ሽማግሌን እንደሚያርም ሰው፣ እርስዎ ደንግጠው ተሳስተው ይሆናል አለቻቸው። መልአኩም ደንግጧል። ይህን የላከው ሰው አይደለም፤ የድርጅቱ ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተር ለማጽናናት ብሎ አይጽፍም። ይህን ስትል ድምፏ ትናንት ለመምህራኑ ስትመልስ የነበረው ድምፅ ነው።

ከዚያ በክፍሉ ውስጥ ፈለገችው።

"መሳይ፣ ንገራቸው።"

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። በሩ አጠገብ ጫማ ከተደረደረበት ቦታ ቆሞ ነበር።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት" አለ።

"ምኑን?"

"በሥራ ላይ የሚለውን። ሐሙስ የሚለውንም።"

ዮሃና አፉን ታይ ነበር፤ ሌላ ነገር የሚወጣ ይመስል።

"ለምን ሐሙስ?"

"ለሁሉም ሐሙስ ነው የጻፍኩት። በሕይወት ላሉት ሁሉ።"

ከዚያ ማቆም አቃተው። ሰንጠረዡ እንዴት እንደሚሠራ፣ ረድፉ ቢወጣ ምን እንደሚሆን፣ ተጠሪ ቢለወጥ ማስታወቂያው ለማን እንደሚሄድ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገራት። አንድም ነገር አልዘለለም። ጋሽ ሙሉነህ እጃቸውን አንስተው በቃህ ልጄ እስኪሉት ድረስ ተናገረ።

ዮሃና ተቀመጠች። ስልኩን ሁለት እጆቿ መሐል አድርጋ ጉልበቷ ላይ ያዘችው። ክፍሉ ውስጥ ማንም አላለቀሰም፤ ማልቀስ ያለበት መጀመሪያ ማን እንደሆነ የጠፋባቸው ይመስሉ ነበር።

"አስተካክለው" አለችው።

ሰኞ ሊያስተካክለው እንደሆነ ነገራት።

"አሁን" አለች። "እኔ ፊት። እስክታስተካክለው እሱ ሥራ ላይ ነው።"

መሳይ ጋሽ ሙሉነህን አያቸው። እሳቸው ወደ መሬት ያዩ ነበር። ቦርሳውን ከጀርባው አውርዶ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጠና ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ከፈተ። ከአስራት ጋር እየመጣ እዚህ ቤት ብዙ እሑድ አሳልፏል፤ ኮምፒውተሩ የቤቱን ኢንተርኔት አስታውሶ ሳይጠይቀው ገባ። ረድፉን ፈልጎ አገኘው። መጨረሻ የተጠቀመበት በሚለው ሥር ሐሙስን አጥፍቶ ሰኞን ጻፈ፤ አስራት በእርግጥ መጨረሻ የሠራበትን ቀን። በሥራ ላይ የሚለውን አነሳ። ምክንያት በሚለው ሥር ያቺን ቃል መለሰ። ሲስተሙ እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ ጠየቀ። ጣቱ ተጫነ።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ፍሪጁ ይጮኻል። ከታች ገበያው ውስጥ አንድ ሰው በሆላንድኛ ዋጋ ይጠራል።

ከዚያ ስልኩ ዮሃና እጅ ውስጥ ነዘረ።

ከፈተችው። ከንፈሮቿ እየተንቀሳቀሱ ቃል በቃል አነበበችው፤ የወንድሟን ስም፣ የላይሰንሱን ስም፣ ምክንያቱን፣ ስህተት ካለ ያሳውቁን የሚለውን፣ በመጨረሻም ለዚህ አድራሻ መልስ አይላክ የሚለውን ሳይቀር። ስታበቃ ስልኩን በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ወንድሜን፣ አለች፤ በመጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ሰው እንደምትጠራ። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ከእሷ የወጣ አይመስልም ነበር። እትዬ አበባይሽ ሳትወድቅ ያዟት። ሴቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ተነሱ፤ መልአኩ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ ጋሽ ሙሉነህ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ይዘውት የነበረውን ሁሉ ለቀቁት።

አሁን ተፈቅዷል። መሳይ እንባውን ጠበቀ። ዓይኑን ጨፍኖ አስራት፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሳንድዊቹን ስለሚበላው ሰው ሲያወራ የነበረበትን ምሳ አሰበ፤ ሳቁን እንኳ በደንብ አስታወሰው። ምንም አልመጣም። ዓይኑን ሲገልጥ በላፕቶፑ ማያ ላይ ከሚታየው ዝርዝር ረድፉ ወጥቷል። ከላዩና ከታቹ የነበሩት ሁለቱ የሆላንድ ስሞች ተጠጋግተው፣ በመሐላቸው ማንም ያልነበረ ይመስል ጎን ለጎን ቆመዋል።

አንዲት ሴት አልፋው ስትሄድ ትከሻውን ነካችና አይዞህ አለችው። ላፕቶፑን የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም፤ መሬቱ ሁሉ በሰው ተሞልቶ ነበር። ዘግቶ ጉልበቱ ላይ ይዞት ተቀመጠ። ሥሩ ሞቅ ይላል። እስኪበርድ ድረስ ያንን ሙቀት ብቻ ያዳምጥ ነበር።